የሲስተር አበበች ቮልስ

ባለፈው ዓመት ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ፣ ሴቻ ካረፍኩበት ሆቴል አጠገብ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ቮልስ ቆማ አየሁ። የሾፌሩ በር ክፍት ነበር። ማንንም ሳላስፈቅድ አንገቴን አስገብቼ አየሩን በረጅሙ ሳብኩ። ቤንዚን፣ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ፣ ከወንበሩ ስፌት ሥር የሚወጣው የደረቀ ሣር ሽታ፤ ሁሉም እንደነበረ ነው። ጎሚስታው ጎማ ማሸጉን ትቶ ቀና አለና፣ “እህቴ፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ?” አለኝ። የለም አልኩት። እዚያ በር ላይ ቆሜ ግን አምስተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ በዓይኔ ፊት አለፈ።

ያኔ የምንኖረው ሲቀላ ነበር። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። ከአጥራችን ማዶ ሲስተር አበበች ነበሩ፤ የዶርዜ ሰው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ። የሰፈሩን ልጆች አብዛኞቻችንን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ስናጠፋ ያለ ወላጆቻችን ፈቃድ ይቆነጥጡን ነበር፤ ወላጆቻችንም ቅር አይላቸውም።

ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር አንዲት ክሬም ቀለም ቮልስ ቆማለች። ድሮ አብራቸው ትሠራ የነበረች ጀርመናዊት ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ የሸጠችላቸው ናት። ብዙ ዓመት ነድተዋታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ አለች፤ ተገፍታ ማንጎው ሥር ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ነፍስ ሳውቅ መኪናዋ የዶሮ ቤት ነበረች። የፊተኛው ወንበር ላይ ዶሮዎቹ ይተኛሉ፤ ከኋላ ይጥላሉ። እናቴ እንቁላል አምጪ ብላ ስትልከኝ የማንኳኳው የመኪና በር ነበር።

የዚያን ዓመት መስከረም የእህታቸው ልጅ ዘሪቱ ልታገባ መሆኑ ተሰማ። ዘሪቱ ትምህርቷን የተማረችው ሲስተር አበበች ዘንድ ተቀምጣ ነው። ልጅ ሳለች እሳቸው ቮልሷን አስነስተው ባሳፈሯት ቁጥር፣ “ስታገቢ ከዶርዜ የማወርድሽ በዚህች ነው” ይሏት ነበር። አሁን ሙሽራው የሲቀላ ልጅ ነው፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ዘሪቱ መልእክት ስትልክ ስለ ጥሎሽም ስለ ልብስም አላነሳችም። “አክስቴ፣ ቮልሷ እንዴት ናት?” ብቻ ነው ያለችው።

ሲስተር አበበች በነጋታው ዶሮዎቹን አስወጡ።

ሰፈሩ ሳቀ። የጫኖው አቶ ካሳ ግን አልሳቁም። አቶ ካሳ በዶርዜ መንገድ ላይ ባለችው ጫኖ የሙዝ እርሻ ያላቸው፣ የቮልሷን ሞተር ነቅለው ለውሃ መሳቢያ ሊያደርጉት የሚመኙ ሰው ነበሩ። በየሳምንቱ እየመጡ መኪናዋን ይዞሯታል፤ እንደ በሬ ገዢ ጎኗን መታ መታ ያደርጋሉ።

“ሲስተር፣ ይህ ሞተር እኮ ሙዝ ያጠጣ ነበር” ይላሉ።

“እስከ ጥር ይጠብቁኝ። ለሰርጉ ካልተነሳች ይውሰዱት” አሏቸው ሲስተር አበበች።

አባቴ ይህን ሲሰማ፣ “በቃ፣ ሞተሩ የካሳ ሆነ” አለ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባሁት በእጅ ጽሑፌ ምክንያት ነው። የሲስተር አበበች ዓይን ለንባብ ደክሞ ነበር፤ የእኔ ፊደል ደግሞ ትልልቅ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተር ይዤ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ እጃቸውን ከተው የጎደለውን ይጠሩልኛል። የነርስ ዕቃቸውን ሁሉ አውጥተውት ነበር። ጥቃቅኑን ብሎን የሚይዙት በመቆንጠጫ፣ ቆሻሻውን የሚጠርጉት በአልኮልና በጥጥ ነው። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የልብ ማዳመጫቸውን አስጠግተው ሲሰሙ፣ እውነተኛ በሽተኛ የሚመረመር ይመስል እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሲቀላ ውስጥ ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ አልተገኘም። አንዱ ብቻ፣ “ምዕራብ ዓባያ ጋሽ ጦና የሚባሉ አሉ። እሳቸው ካላወቁ የሚያውቅ የለም” አለን። ቅዳሜ ጠዋት በሶዶ አውቶቡስ ሄድን። በስተቀኝ የዓባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ተኝቷል። ወንድሜ ሐይቁ የቀላው ሻይ ስለሆነ ነው ብሎኝ ስለነበር፣ ያንን ሁሉ ስኳር ማን እንደጨመረበት እያሰብኩ ደረስን።

ጋሽ ጦና ረጅም፣ ቀጭን፣ ከምክር በስተቀር ሁሉንም ነገር የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛን የለመዱት በሥራ ላይ፣ ካደጉ በኋላ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት። እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ “አንተ ልጅ” ነው ያሉኝ። ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ፣ ማመን አቃተኝ፣ የእኛን የምትመስል ሌላ ቮልስ ቆማለች። ጎማ የላትም፤ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ላይዋ ግን በንጹሕ ሸራ ተሸፍኗል።

ሲስተር አበበች ሸራውን ገለጥ ሊያደርጉ ሲሉ ሽማግሌው ቀደሟቸው።

“እሱን አይነካም። እኔም አስነሳዋለሁ።”

“መቼ?” አሉ ሲስተር አበበች።

“ይነሳል” አሉ ጋሽ ጦና።

ሲስተር አበበች አንዴም አልለመኑም። ዕቃ ሳይሆን ምክር ፈልገው እንደመጡ ነገሯቸው። ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ተያይዘው ቤት ገቡ። እኔ ውጭ ቀርቼ የተሸፈነችውን መኪና ስዞር የጋሽ ጦና ድምፅ በመስኮት ተሰማኝ።

“ፑንቲና ሞቷል፣ ሲስተር። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ሌላ ፑንቲና ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይነሳም።”

ሲስተር አበበች በረጅሙ ተነፈሱ። “ምን ይደረጋል” አሉ።

እኔ ልቤ ተሰበረ። ፑንቲና ማለት መኪናዋን የሸጠችላቸው ጀርመናዊት ሐኪም መሆን አለባት። እያስታወሱ የሚያወሩላት ሴት ሞታ፣ እሳቸው መርዶውን በሰው ቤት ቁጭ ብለው ሰሙ። በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ አልረበሽኳቸውም። እንዲያውም ሙዜን ሰጠኋቸው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። “እትዬ አበበች ሰው ሞቶባቸዋል። ‘ፑንቲና ሞቷል’ አሏቸው።”

“ሴት ናት ወንድ?”

“ሴት መሰለችኝ፤ ጋሽ ጦና ሲናገሩ ግን አይለይም።”

እናቴ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ የጎረቤት ሴት አስከትላ፣ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። እኔም ፊቴን አጥቁሬ ከኋላ ተከተልኩ። ሲስተር አበበች እስከ ክንዳቸው ቅባት ነክቷቸው ከመኪናዋ ሥር ወጡ።

“እግዜር ያጥናሽ፣ ሲስተር” አለች እናቴ። “እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እንዴት ዝም ትያለሽ? ፑንቲና ምንሽ ነበር?”

ሲስተር አበበች መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ ጎረቤቷን፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የጥፍር ታህል የተቃጠለች ብረት አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

“አስከሬኑ ይኸውና” አሉ። “እሳት ለካንዴላው የሚሰጠው እሱ ነበር።”

ጎረቤታችን መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፤ ለእኔ ግን አልሳቀችልኝም። ለቅሶ መድረስ የማይቀር ነው ብላ ይሁን፣ ይዘው የመጡትን ቂጣ እዚያው መኪናዋ አጠገብ ቆርሰው በሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምዕራብ ዓባያ መሄድ ልማድ ሆነ። ሲስተር አበበች ይጠይቃሉ፤ ጋሽ ጦና ይመልሳሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። “አንተ ልጅ፣ ጻፍ” ይሉኛል። ብሎን ሲፈታ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደረደር። ዝገት የያዘ ብሎን አይታገሉት፤ ናፍጣ ቀብተው አሳድረው ይመለሱ። ዳገት ላይ ማርሽ ለመቀየር ሞተሩ እስኪያቃስት አይጠበቅ። ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድ። ምክሩ ደብተሩን ሞልቶ የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ደግሞ፣ “ይህ መኪና ውሃ አይጠጣም፤ የሚጠጣው አየር ነው” አሉኝና ጻፍኩ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው ማለታቸው መሆኑን ማን ይንገረኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቮልሷ እንዳይጠማት በየጠዋቱ መስኮቶቿን ሁሉ ከፍቼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። አርብ ዕለት አንዲት ጦጣ መሪው ላይ ተቀምጣ የኋላውን ወንበር ስፖንጅ ስትነጭ ተያዘች። ሲስተር አበበች መስኮቶቹን የከፈተው ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ጆሮዬን ብቻ ያዙት።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ ጻፍን፤ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ላለ መለዋወጫ ሻጭ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ተላከ። ፑንቲናው፣ ካንዴላዎቹና የፍሪሲዮኑ ሽቦ በሁለት ሳምንት መጡ። ዕቃውን ስፈታ ካርቶኑ የሚሸተው አዲስ ጫማ ነበር። ከውስጡ ግን ቁራጭ ወረቀት ወጣ። ያዘዝነው የቤንዚን ፓምፕ የለም፤ ለዚህ ሞዴል አይመጣም፤ ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ አይሸጥም ይላል።

የመጣውን ገጠሙት። ሲስተር አበበች በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ቤንዚን ስበው በቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ ጠብ አደረጉና አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። እኔ እስከ ስድስት ድረስ ስቆጥር ሞተ። እንደገና በሲሪንጅ ሰጧት፤ እንደገና እስከ ስድስት ኖረች። ፓምፑ ሞቶ ስለነበር ቤንዚኑን ከታንከሩ የሚያመጣላት አልነበረም።

“እስከ ዶርዜ ድረስ በመርፌ እያጠባሁ አልወስዳት” አሉ ሲስተር አበበች፣ ሲሪንጁን አስቀምጠው። ሲያዝኑ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አዋላጅ በነበሩበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ፊት ስንቴ እንደያዙ ያኔ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ምዕራብ ዓባያ ሄድን። ሲስተር አበበች አገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለጋሽ ጦና ስኳርና ሳሙና ይዘው ነበር።

“ጋሽ ጦና፣ የመጣሁት ላመሰግንዎት ነው” አሉ። “ፓምፑ አልተገኘም። ሞተሩን ለጫኖው ሰው ልሰጠው ነው።”

ጋሽ ጦና መሬት መሬት አዩ። “ያሳዝናል” አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ማሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሽፈራው ቅጠል እየቀነጠሱ ነበር። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ጥያቄ ከተጻፈበት መልስ ይጻፍበታል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

“ጋሽ ጦና፣ የእርስዎ መኪና የቤንዚን ፓምፕ አለው?”

“አለው።”

“ይሠራል?”

“ይሠራል።”

“ታዲያ የእርስዎ መቼ ነው የሚነሳው?”

እትዬ ማሬ ቅጠሉን ጭናቸው ላይ ጣሉት። “ይህን እኔ ስንት ዓመት ጠይቄ ደክሞኝ የተውኩት ነው” አሉ።

ጋሽ ጦና ተነሱ፤ የሸራውን ጫፍ አስተካከሉ፤ ጓሮ ገብተው አልተመለሱም። ሲስተር አበበች ክንዴን ይዘው ወደ መንገዱ አወጡኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው የተናገሩኝ።

“ሰው የሚወደውን ነገር እንዲህ አይጠየቅም።”

“ዕቃውን ስጡን አላልኩም እኮ።”

“አላልሽም። ቢሆንም አይጠየቅም።”

እስከ ሲቀላ ድረስ ወደ ሐይቁ ዞሬ አለቀስኩ። መኪናዋንም፣ የዘሪቱን ሰርግም፣ ጋሽ ጦናንም በአንድ አፍ ያበላሸሁ መሰለኝ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ጦና ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። አያያዛቸውን አይቼ አራስ ልጅ ሊያሳዩ የመጡ ነው የመሰለኝ። ሲስተር አበበች ፊት ለፊታቸው ቆመዋል፤ ሊቀበሉ እጃቸውን አልዘረጉም።

“ጋሽ ጦና፣ እኔ ይህን አልጠየቅኩም” አሉ።

“አልጠየቁም” አሉ ጋሽ ጦና። “የኔ መኪና ከታች በስብሷል፣ ሲስተር። ሻንሲው አልቋል። ስንት ዓመት አውቄዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ‘ይነሳል’ እላለሁ። ይህ ልጅ ሲጠይቀኝ ‘ይነሳል’ ማለት አቃተኝ።” ጋቢውን ገለጡት። ፓምፑ እንደ መስታወት ተወልውሏል። “አሁን ቁልፍ አስራ ሦስት ስጡኝ” አሉ።

ሥራው እስከ አመሻሽ ወሰደ። ጋሽ ጦና ለመጨረሻ ጊዜ ብሎኑን አጥብቀው፣ ሳይናገሩ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ሲስተር አበበች ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት አለፈ፤ ሃያ አለፈ፤ መቶ ላይ ስደርስ እናቴ በአጥሩ ላይ እልል አለች። መቁጠሬን አላቆምኩም፤ ሁለት መቶ አርባ ላይ ሲስተር አበበች ራሳቸው አጠፏት። ጋሽ ጦና እጃቸውን በጋዝ ታጥበው ሲጨርሱ፣ “ድምፁ ጥሩ ነው” ብቻ ብለው እራታቸውን ጠየቁ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ ከሲቀላ ተነሳን። ሲስተር አበበች መሪው ላይ፣ ጋሽ ጦና አጠገባቸው፣ እኔ ከኋላ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በተከራዩት ፒካፕ ቀድመውናል። ጫኖን አልፈን ወደ ዶርዜ የሚወጣውን ዳገት ስንይዝ ጋሽ ጦና ዝም ማለት አቃታቸው። “ማርሽ፣ ሲስተር። አሁን። አሁን እኮ። ኧረ ድንጋዩን…”

“ጋሽ ጦና፣ ወይ እርስዎ ይንዱ፣ ወይ እኔ ልንዳ” አሉ ሲስተር አበበች፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

“ይንዱ፣ ይንዱ” አሉ ጋሽ ጦና። እግራቸው ግን እስከ ላይ ድረስ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ነበር።

ሁለት ጊዜ ቆመን አሳረፍናት። በቆምን ቁጥር እየዘለልኩ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ሙዙ ቀርቶ እንሰት መጣ። ከታች ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ሦስተኛው ዳገት ላይ ሞተሩ ደከመ፤ ከአጥር ውስጥ የወጡ ሽመናቸውን የተዉ ሰዎች መጥተው ገፉን። እየገፉ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። በዶርዜኛ ስለሆነ የሚናገሩት አልገባኝም፤ ሲስተር አበበች ግን በዚያው ቋንቋ እየመለሱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ምን እንዳሏቸው ስጠይቃቸው፣ “ሙሽራዋን በጀርባችን ብናወርዳት ይቀለን ነበር እያሉ ነው” አሉኝ።

ዘሪቱ ነጭ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ቀጥታ ወደ ሙሽራው አልሄደችም። መጀመሪያ ቮልሷ ጋ መጥታ ጣሪያዋን በሁለት እጇ ዳሰሰች። አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ ራሳቸው የሠሩትን አዲስ ጋቢ የኋላ ወንበር ላይ አነጠፉ። ጦጣዋ የነጨችው ቦታ ተሸፈነ። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ አንዷ ሚዜ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው፣ ከመስታወቱ ሥር ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ ተጣጥፌ ገባሁ። ጋሽ ጦና ፒካፑ ላይ ከሚዜዎቹ ጋር ተሳፍረው በየመታጠፊያው ወደኛ እየዞሩ ያዩ ነበር። ከሥሬ ሞተሩ ይሞቀኛል፤ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል፤ ዘሪቱ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ጉልበቴን ይዛኛለች። በፍሬን ብቻ አልወረድንም።

ጫኖ ስንደርስ መንገዱ ዳር አቶ ካሳ ቆመው ነበር። ሲስተር አበበች ቆሙላቸው። አቶ ካሳ መኪናዋን እንደ ልማዳቸው ዞሯት፤ ጎኗን መታ መታ አደረጉ። ቀጥለው አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ጣሪያዋ ላይ አስረው፣ “ሌላ ሞተር እፈልጋለሁ” አሉ። እስከ ሲቀላ ድረስ ሙዝ በመስኮቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ ዘሪቱ እየቀነጠሰች እያጎረሰችን፣ በክላክስና በጭብጨባ ገባን።

በማግሥቱ ጋሽ ጦና ወደ ቤታቸው መመለስ ነበረባቸው። ሲስተር አበበች በአውቶቡስ አልሰደዷቸውም። እኔም ተከተልኩ። መንገዱን ሁሉ ጋሽ ጦና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት እያዩ ነበር። ምክር አልሰጡም፤ ማርሽም አላሉም። ምዕራብ ዓባያ መግቢያ ላይ ሲስተር አበበች መኪናዋን ዳር አስያዙና ወረዱ። ዞረው መጥተው የጋሽ ጦናን በር ከፈቱ።

“ይለፉ ወደዚያ” አሉ።

ጋሽ ጦና አልገባቸውም፣ ወይም የገባቸው አልመሰሉም። “ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም። ደክሞኛል። እርስዎ ይንዱ።”

ሽማግሌው እግራቸውን አሻግረው ወደ መሪው አለፉ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ፣ መስታወቱን ለቁመታቸው አስተካከሉ። ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ሲነሱ አልተንገጫገጨንም፤ ማርሹ ሲገባ እንኳ አልተሰማኝም። ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ እትዬ ማሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ጋሽ ጦና ግን አልቆሙም። ክላክስ አንዴ ነፍተው፣ ባለቤታቸውን በመስኮቱ አይተው፣ ቤታቸውን አልፈው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ቀጠሉ። ሲስተር አበበችም የት ነው ብለው አልጠየቁም።